አባትን ይዞ ደርቢ መግባት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባትን ወይም እናትን ይዞ ትልቅ ጨዋታ መግባት ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ደስ ስለሚል ግን ዝግጅቱ ይረሳል። ልጅ ትኬት ይቆርጣል፣ ማሊያ ይገዛል፣ ፎቶ የሚነሱበትን ቦታ ሳይቀር አስቦ ይጨርሳል። ቀኑ ሲደርስ አባት ኮስተር ብለው ይቀመጣሉ። ልጅም "ምን አጠፋሁ?" እያለ ሲብሰለሰል ዘጠና ደቂቃው ያልቃል።

እንደኔ አብዛኛው ጥፋት ከአንድ ቦታ ይነሳል። ልጆች አባታቸውን እንደ እንግዳ ይዘው ይሄዳሉ። ሰውዬው ግን የቤቱ ባለቤት ናቸው። እናንተ ሳትወለዱ በፊት ጊዮርጊስ የተሸነፈ ቀን እራት አልበላም ብለው ይተኙ ነበር። ወይም ኢትዮጵያ ቡና "ቡና ገበያ" ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ፀሐዩም ዝናቡም የተፈራረቀባቸው ደጋፊ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ቱሪስት ይዞ መዞር ያስቀይማል።

የማነሳቸው ነገሮች በአብዛኛው የሸገር ደርቢን፣ ማለትም የአዲስ አበባዎቹን የጊዮርጊስንና የቡናን ግጥሚያ፣ እንዲሁም የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታ የሚመለከቱ ናቸው። አባታችሁን "አንተ" የምትሉ እንደለመዳችሁት በሉ፤ እኔ እዚህ በአንቱታ እቀጥላለሁ።

ቦታውን ሳይጠይቁ ትኬት መቁረጥ

ልጅ ደመወዝ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥላ ፎቅ ነው። "አባቴን ፀሐይ አይምታብኝ" ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን አልጠየቀም።

የአዲስ አበባ ስታዲየምን የኖረበት ሰው ቦታ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ፤ ሁሉም የመቀመጫ ክፍሎቹ ስሞች ናቸው። አንድ ሽማግሌ "እኔ የሚስማር ተራ ሰው ነበርኩ" ካሉ ብዙ ነገር ነግረዋችኋል። ከማን ጋር ይገቡ እንደነበር፣ ኪሳቸው ውስጥ ምን ያህል ይኖር እንደነበር፣ እንዴት ይጮሁ እንደነበር ሁሉ እዚያች ውስጥ አለ። ስታዲየሙ ለዓመታት ለእድሳት ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ እንኳ ስሞቹ ከአፋቸው አልጠፉም። የካታንጋን ሰው ወስዳችሁ ክራቫት ካሰሩ ሰዎች ጎን ብታስቀምጡት ጎል ሲገባ ማንን ያቅፋል?

ስለዚህ ጠይቁ። "አባዬ፣ የት ብንቀመጥ ይሻላል?" በቃ። አንዳንዱ አባት "ከሰው መሀል" ይላሉ። ሌላው "ኧረ ተወኝ፣ ጉልበቴ እሺ አይልም፣ ጥላ ያለበት ይሁን" ይላሉ። የፈለጉትን ይበሉ፤ የቦታው ምርጫ የሳቸው ነው።

የማይነግሯችሁ ግን አንድ ነገር አለ። እድሜያቸው ገፋ ያሉ ወንዶች ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት መሄድ ይፈልጋሉ። ከሰው መሀል እየተነሱ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ማለቱን ስለሚያፍሩበት ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። እናንተ ዝም ብላችሁ ከመተላለፊያው አጠገብ ያዙ። ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። ሲሚንቶ ላይ የምትቀመጡ ከሆነም ከቤት ወፍራም ፎጣ ወይም ስፖንጅ ያዙ። ለሳቸው ብቻ ካነጠፋችሁ አይቀመጡበትም፤ ለራሳችሁም አንጥፉ።

ጨዋታው የት እንደሆነ አለማጣራት

ይሄ የዘመኑ ጣጣ ነው። አባታችሁ "ሸገር ደርቢ" ሲባል ለገሃር ወርደው በእግር የሚገቡበትን ጨዋታ ነው የሚያስቡት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ተሰብስበው በአንድ አስተናጋጅ ከተማ መጫወት፣ ከዚያ ወደ ሌላው መዞር ጀመሩ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ። ሁለት የአዲስ አበባ ክለቦች አዳማ ላይ ሲገናኙ "ሸገር" የሚለው ስም ብቻውን ይቀራል። አባቶች በዚህ ነገር ሆዳቸው እንደተቀየመ ነው። እኔም አልፈርድባቸውም።

ርቀቱን አስቡት። አዳማ በፍጥነት መንገዱ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል። ሐዋሳ ግን ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከምሽት ጨዋታ በኋላ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው ሌሊቱን በሚኒባስ ማስገስገስ ግፍ ነው። እዚያው እደሩ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ ብሉና ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ድሬዳዋ ከሆነማ የምታውቁት ዘመድ ካለ ቀድማችሁ ደውሉ፤ አባት ሆቴል ከመግባት ዘመድ ቤት ማደር ይመርጣሉ። ማታም ስለ ጨዋታው የሚያወሩት ሰው ያገኛሉ።

ብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ የባሰ ነው። በስታዲየም ደረጃ ምክንያት "የሜዳችን" የተባለውን ጨዋታ ባዕድ አገር መጫወት ከጀመረ ቆይቷል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን። ሜዳው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ አባቶቻችን ሳሎን ውስጥ ነው ብድግ ያሉት። ስለዚህ "አንድ ቀን ስታዲየም እወስዳቸዋለሁ" እያላችሁ የቴሌቪዥኑን ጨዋታ አትናቁት። ትልቁ ጨዋታ ሳሎን ውስጥ ከሆነ እዚያው ተገኙ። በስልክ "አየህ አባዬ?" ማለትና አጠገባቸው መሆን አይገናኝም።

"ገና ነው፣ ምን ያስቸኩለናል?" ማለት

ጨዋታው 10 ሰዓት ነው። አባት 6 ሰዓት ላይ ጃኬታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ልጅ ገና ሻወር ሊገባ ነው።

እሳቸው የሚያውቁት ነገር አላቸው። ትኬት በኦንላይን ከመቆረጡ በፊት ሰልፉ የጨዋታው ግማሽ ነበር። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ለትኬት ሌሊቱን ስታዲየም ዙሪያ ያደረ ሰው ሞልቷል። ያን ያየ ሰው ሰዓት ላይ አይቀልድም። ዛሬም ትልቅ ጨዋታ ላይ በሩ ሲጨናነቅ ትኬት የያዘ ሰው እንኳ ውጭ ሊቀር ይችላል። ትኬት ከእጅ ካለቀ ደግሞ አየር ባየር ከሚሸጡት አትግዙ። የተጭበረበረ ትኬት ይዞ በር ላይ መመለስ ለወጣት ተራ ነገር ነው፤ አባት ፊት ግን ያሳቅቃል።

ፍተሻውንም አስቡበት። ጃንጥላ፣ የውሃ ላስቲክና ከዘራ በር ላይ ጥያቄ ያስነሳሉ። አባታችሁ ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ፖሊሱን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እንዲያውም እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ። "ልጄ፣ ያለሷ አልራመድም" ሲሉ የሚጨክን ፈታሽ ብዙ አይደለም። እናንተ ፊት ለፊት ገብታችሁ "መብታቸው ነው!" ብትሉ ግን ጉዳዩ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

ታሪካቸውን በስልክ ማረም

እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅር በሉኝ።

አባት እረፍት ላይ ይጀምራሉ። "መንግሥቱ ወርቁ እኮ አምስት ሰው አታሎ..." ይላሉ። ልጅ ስልኩን ያወጣል። ይፈልጋል። "አይደለም አባዬ፣ እዚህ የሚለው እኮ..." ጨዋታው እዚያ ላይ ይሞታል። ሰውዬው ቀሪውን አርባ አምስት ደቂቃ አፋቸውን አይከፍቱም።

የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ እንውሰድ። ኢትዮጵያ አስተናግዳ ያሸነፈችበት፣ ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫችን ነው። የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ግብፅን ደግሞ፣ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ፣ በጭማሪው 4 ለ 2። ሁለቱም 4 ለ 2! እና አባታችሁ ከስድሳ ዓመት በኋላ የአንዱን ጎል ከሌላው ቢያቀላቅሉ ምን ይገርማል? አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል። ይህን እናንተም በሁለት ደቂቃ ከስልካችሁ ታገኙታላችሁ። ከስልካችሁ የማታገኙት እሳቸው ጋ ያለውን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ከማን ጋር ሄድክ? መግቢያውን ማን ከፈለ? ወይስ አጥር ዘለላችሁ? ቤት ስትመለሱ አያቴ ምን አሉ? ሰው መንገድ ላይ ምን ሆነ? እነዚህ ጥያቄዎች ላይ አባታችሁን የሚያርም ማንም የለም። አብዛኛው አባት አጥር የዘለለበትን ታሪክ ለልጁ ነግሮ አያውቅም። ስታዲየም ውስጥ ግን ይናገራል።

በነገራችን ላይ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 አልፏል። "እዚያ ነበርኩ" የሚሉት ሁሉ እውነት እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ስታዲየሙ እስከ ቃሊቲ ይደርስ ነበር። ተዉአቸው። አንድ ነገር ልብ ብዬአለሁ። የዚያ ትውልድ ሰው ብዙውን ጨዋታ ያየው በጆሮው ነው። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮችን) ዋንጫ ስንወስድ፣ አገሩ ሁሉ የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነበር የሚከተለው። ደምሴ ሲያስተላልፍ ሜዳው ፊትህ ላይ ይዘረጋል። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ የሰማኸውን ካየኸው መለየት ይከብዳል። አባታችሁ ውሸታም አይደሉም። ሬዲዮው ነው እንዲህ ያደረጋቸው።

የቁጥር ክርክርም እዚሁ ይግባ። እናንተ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለቡና ያገባቸውን 29 ጎሎች ትጠራላችሁ። እሳቸው ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል ያገባቸውን 24 ይጠራሉ። ሪከርዱ የአቡበከር ነው፤ አከራካሪ አይደለም። ግን "የዛሬ ተከላካይ ተከላካይ ነው እንዴ?" የሚለው ክርክር ይቀጥላል። ይሄን ክርክር አታሸንፉትም። ባታሸንፉትም ደስ ይላል፤ እስከ ቤት ያደርሳችኋል።

በተቃራኒ ማሊያ አጠገባቸው መሰየም

አዲስ አበባ ውስጥ አባት ጊዮርጊስ፣ ልጅ ቡና የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ቤት ውስጥ ይሄ ጨው ነው። ስታዲየም ውስጥ ግን ስሌቱ ይለያል።

ከጊዮርጊስ ደጋፊ መሀል የቡና ማሊያ ለብሳችሁ ከአባታችሁ ጎን ብትቀመጡ ዙሪያችሁ ያለው ሰው የሚያየው ተቃራኒ ደጋፊን ነው። አባታችሁ ጨዋታውን ትተው እናንተን ሲጠብቁ ይውላሉ። አንድ ነገር ብትባሉ ሊጣሉላችሁ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ያልተደባደቡ ሰው በእናንተ ማሊያ ምክንያት እንዲደባደቡ አታድርጉ። ተራ ሸሚዝ ልበሱ፣ ወይም መሀል ላይ ያለ ቦታ ያዙ። ጎል ስታገቡም ትንሽ ዋጥ አድርጉት። ትንሽ ብቻ።

መተራረቡ ሌላ ነው፤ እሱ ይቅር አልልም። አባት "ለመሆኑ ከ2003 ወዲህ ዋንጫ አየህ?" ቢሉ የቡና ልጅ ምን ይመልሳል? ቡና ፕሪሚየር ሊጉን የበላው ያኔ አንዴ ነው። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዋንጫ ሲሰበስብ የኖረ ክለብ ነው። መልስ ከሌላችሁ "ኳስ የምንጫወተው ግን እኛ ነን" በሉ። የቡና ልጅ ሁልጊዜ የሚለው ይሄንኑ ነው፤ አባትም ሁልጊዜ ይናደዱበታል። ገደቡ ግን አንድ ነው፦ የተሸነፉ ቀን አይቀለድም። ሰኞ ቀን ይደርሳል።

ስድቡን ሰምቶ ወሬ ማድረግ

ቤት ውስጥ "ነውር ነው!" የሚሉት አባታችሁ በ70ኛው ደቂቃ ዳኛውን ሲናገሩ የምትሰሙት ነገር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። አልሰማችሁም። በቃ። ወደ ሜዳው እዩ።

ትልቁ ጥፋት ማታ እራት ላይ ነው። እናት፣ እህት፣ እንግዳ ባለበት "አባዬ ዛሬ መስመር ዳኛውን ምን እንዳለው ብነግራችሁ!" ማለት። ሳቅ ታገኛላችሁ፤ እሳቸውን ግን ሁለተኛ አታገኟቸውም። ከዚያ በኋላ አጠገባችሁ ሲቀመጡ እየተጠነቀቁ ነው።

በተቃራኒውም ያው ነው። እናንተ አባታችሁ ጎን ሆናችሁ ደጋፊው የሚያወርደውን የስድብ ዝማሬ አብራችሁ ማስተጋባት የለባችሁም። እሳቸው ይችላሉ፤ እናንተ አትችሉም። ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን እንዲህ ነው።

ሂሳብ ላይ መጣላት፣ ምግብ ላይ አለማሰብ

ትኬቱን እናንተ ቆረጣችሁ። ቆሎውን፣ ለውዙን፣ ማኪያቶውን እሳቸው ይክፈሉ። "በሞቴ አስቀምጥ!" ሲሉ አስቀምጡ። ሁሉንም እኔ ካልከፈልኩ የምትሉ ልጆች አባታችሁን ተጧሪ እያደረጋችኋቸው ነው፤ ያውም ሰው ፊት።

ጾም መሆኑንም ቀድማችሁ እዩ። ዓርብ ጨዋታ ላይ በርገር ገዝቶ መስጠት የሚያሳፍረው ሰጪውን ነው። አባታችሁ ሙስሊም ከሆኑ የ10 ሰዓት ጨዋታ ከአስር ሰላት ጋር ይጋጫል። ሰግደው የሚገቡበትን ቦታና ሰዓት አብራችሁ አስቡ፤ እሳቸው "ግድ የለም" ይላሉ፤ ግድ አላቸው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትም አለ። ደርቢ ለደም ግፊት ምን ያህል እንደሚመች መቼም አልነግራችሁም።

ሙሉውን ጨዋታ መቅረጽ

አንድ ፎቶ ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ካለቀ በኋላ። ስልኩ ኪስ ይግባ። ጎል ሲገባ ካሜራውን ወደ አባት ፊት ማዞር ይቅር፤ እየተቀረጸ መሆኑን ያወቀ ሰው እንደልቡ አይጮህም።

እናትን ቤት ማስቀረት

እስካሁን "አባት፣ አባት" ስል ቆየሁ። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ስለሆነ ነው እንጂ ትክክል ስለሆነ አይደለም።

እናቶቻችን ስፖርት አይወዱም የሚል ሰው ሩጫ ሲተላለፍ ቤት አልነበረም ማለት ነው። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትሩን ስታሸንፍ ማን እልል አለ? በመስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ 9 ብቻ ሲቀድመው በየሳሎኑ መሬት ላይ ተንበርክኮ ይሳል የነበረው ማን ነው? እነዚህ ሴቶች ስታዲየም ያልገቡት ማንም "ነይ እንሂድ" ስላላላቸው ነው።

እናትን ስትወስዱ ግን "ይከብድሻል፣ ሰው ይጋፋል" ከሚለው አትጀምሩ። ዙር ስንት እንደቀረው፣ ማን አሯሯጭ እንደሆነች፣ ኬንያዎቹ መቼ እንደሚወጡ ከእናንተ በላይ የሚያውቁ እናቶች አሉ። ኳስ ከሆነ ደግሞ የሴቶች ጨዋታ ጥሩ መግቢያ ነው። ንግድ ባንክ ሲጫወት፣ ወይም ሎዛ አበራ ለብሔራዊ ቡድን ስትሰለፍ ማየት ብዙ እናቶችን ያላሰቡትን ነገር ያናግራቸዋል። "እኛም እኮ ትምህርት ቤት መረብ ኳስ እንጫወት ነበር" የሚለው ወሬ እዚያ ነው የሚወጣው።

ውጭ አገር ያላችሁ፦ ለራሳችሁ የሚጥመውን ጨዋታ መምረጥ

ወላጅ ለጉብኝት አሜሪካ ሲመጣ ልጅ ውድ ትኬት ገዝቶ የአሜሪካን ፉትቦል ይወስዳቸዋል። ሦስት ሰዓት ተኩል። ሕጉ አይገባ፣ ኳሱ አይታይ፣ ብርዱ አይቻል። አባት "ጎበዞች ናቸው" ብለው ከጨዋነታቸው ይቀመጣሉ።

ጉዞውን በሰኔ መጨረሻ (በጁላይ መጀመሪያ) አካባቢ ማድረግ ከቻላችሁ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይካሄዳል። ኳሱ የፕሮፌሽናል ደረጃ ነው አልልም። ግን አባታችሁ ዳር ላይ ተቀምጠው በአማርኛ ዳኛ መውቀስ ይችላሉ። የድሮ ተጫዋቾችም በእንግድነት ይጋበዛሉ፤ በወጣትነታቸው ከአጥር ማዶ ያዩትን ሰው እዚያ ጨብጠው የተመለሱ አባቶች አሉ።

"ጨዋታ ነው፣ ምን አለበት" ማለት

በ2006ቱ የናይጄሪያ ጨዋታ በኃይሉ አሰፋ መጀመሪያ አገባ። ስታዲየሙ ምን እንደሆነ አስቡት። ከዚያ የናይጄሪያው ኢመኒኬ አቻ አደረገ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። ከዚያ ስታዲየም የወጣ ሰው "ጨዋታ ነው" ቢሉት ምን ይሰማዋል?

ወላጅን ለማጽናናት መሞከር ልጅን የሚያምረው ነገር ነው። ይቅርባችሁ። አብራችሁ ተናደዱ። ወይም ዝም በሉ። ወሬ ሲጀምሩ እሳቸው ይጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከአሰልጣኙ ነው። "ለምንድን ነው የቀየረው?" ሲሉ መልስ እየጠየቋችሁ አይደለም።

ሰው ሳይጋፋ ለመውጣት ተብሎ በ80ኛው ደቂቃ መነሳትም አለ። ሐሳቡ ከሳቸው ከመጣ እሺ። ከእናንተ ከመጣ ግን ተጠንቀቁ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አግብተው፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበትን ቀን አስታውሱ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 ረትታን ነበር። ድምሩ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጭ ባገባነው አለፍን። አንድ ጎል ቢገባብን ሁሉም ነገር ይበላሽ ነበር። እንዲህ ያለውን ጨዋታ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ትቶ የወጣ ሰው ካለ ዕድሜ ልኩን አይናገረውም። ለመጋፋቱ የሚሻለው መጨረሻ ላይ መቆየት ነው። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ እዚያው ቁጭ በሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል። በሩ ይለቃል፣ ደረጃው ይጸዳል፣ የጉልበት ሰው በሰላም ይወርዳል።

ሳይቀጣጠሩ መለያየት

ትልቅ ጨዋታ ሲያልቅ ኔትወርክ ይጨናነቃል። "እደውልልሃለሁ" አይሠራም። ስትገቡ አንድ ቦታ ተቀጣጠሩ፤ እሳቸው በሚያውቁት ስም። እናንተ "ከባንኩ ሕንፃ ፊት ለፊት" ትላላችሁ፤ እሳቸው ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት እዚያ ምን እንደነበር ነው የሚያውቁት። በዚያ ስም ተስማሙ። አድራሻና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ መክተት ደግሞ አይሞከርም። ብትጠፋፉ ቀጠሮው ቦታ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው፤ ሰፈሩን የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ "የት ገብተህ ነው እንዲህ የጠፋኸው?" የምትባሉትም እናንተ ናችሁ።